የጋሞ ምድርና ተረት ለፈጠራ ሥራ የሰጡን

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



  ኮሚቴው የሒሳብ ሪፖርቱ ከመነበቡ በፊት ስለ አገራችን ባህል ጥቂት እንድናገር ሲያዘኝ፣ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍሁ፣ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ የጨረስሁ ሰው ነኝ፣ የተማረ ይናገር ብዬ ነበር። «ያየኸውንና የሰማኸውን ተናገር» ተባልሁ። ላየሁትና ለሰማሁት ደግሞ ዲግሪ አይጠየቅም።

የምናገረው የምድራችን መልክና የአያቶቻችን ተረት ለፈጠራ ሥራ እንዴት ምንጭ እንደሆኑ ነው። ፈጠራ ስል ሥዕልና መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሸማም ፈጠራ ነው፤ ቤትም ፈጠራ ነው፤ ዘፈንም ነው። ለቅሶ ሳይቀር ፈጠራ ነው። የዕድር ሰዎች ነንና በለቅሶው ላይ ኋላ እመለስበታለሁ።

እስቲ መጀመሪያ የቆምንበትን ቦታ እንየው። እዚህ ሲቀላ ተቀምጠን ላባችንን እንጠርጋለን፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለነው 1,300 ሜትር ገደማ ነውና። ከዚህ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ የተጓዘ ሰው ግን ጨንቻ ላይ በጉም ውስጥ ይገባል፤ እዚያ 2,700 ሜትር ያህል ነው፤ ጋቢ የሌለው ጋቢ ይዋሳል። ወደ ታች ሲመለከቱ ደግሞ አባያና ጫሞ ተኝተዋል፤ አንዱ ደለል የበዛበት ቀላ ያለ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። በመካከላቸው ያለውን የመሬት ጀርባ የእግዜር ድልድይ እንለዋለን። ይህን ስም ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ግን እኔ ቅኔ ተቀኝቷል እላለሁ። ቦቴጎ የሚባለው ጣልያናዊ በ1880ዎቹ መጥቶ አባያን በንግሥታቸው ስም ማርገሪታ ብሎት ነበር። ስሙ በፈረንጅ ካርታ ላይ ብዙ ዘመን ቆየ፤ በእኛ አፍ ግን አንድ ቀንም አልገባም። ከተማችንም ስሟን ያገኘችው ከዳገቱ ሥር በጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ልጆች ሆነን አርባ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ስንቆጥር እርስ በርሳችን እንጣላ ነበር፤ አንዱ ሃያ ስምንት ሲል ሌላው ሃምሳ ይላል። አርባ ማለት ብዙ ማለት ነው የሚለን አዋቂ እስኪመጣ ድረስ።

አሁን ወደ ሸማው ልግባ። ጥጥ ቆላ ይበቅላል፤ ብርዱ ያለው ደጋ ነው። ከታች ጥጥ፣ ከላይ ብርድ ያለው ሕዝብ ሸማኔ ባይሆን ምን ይሆን? ይህ የራሴ ግምት ነው፤ ሆኖም ጨንቻ ላይ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው አይከራከረኝም። እናቶች ይፈትላሉ፤ አባቶች ጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን ከትተው ይሸምናሉ። የዶርዜ ሸማኔ ይህን ሙያ ይዞ አዲስ አበባ ወጥቶ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፈረ፤ የአገሪቱን የበዓል ልብስ የሚያለብሰውም እሱ ሆነ። ታዲያ የአገሩ ሰው ልብሱን ይለብስና ሸማኔውን ይሰድብ ነበር። ነገሩ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ በአዋጅ አልጠፋም፤ እኔም በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ያለበት ዱንጉዛ በሠርግም በአደባባይም ሲለበስ፣ ባለሥልጣንም ዘፋኝም ደርቦት ሲታይ፣ እነዚያ የተሰደቡት አባቶች ቢያዩት እላለሁ።

አንድ ሸማኔ ዘመድ አለኝ። ቱሪስቶች መጥተው የዱንጉዛው ቀይ ምን ማለት ነው፣ ጥቁሩስ ምን ማለት ነው እያሉ ይጠይቁታል። እሱ ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ ይነግራል። «ለምን ትዋሻለህ?» ስለው «አልዋሸሁም፤ አባቴ ሲሠራ አይቼ ሠራሁ፣ ዓይኔ ወደደው፣ ሲጠይቁኝ ግን የማስበው ነገር አላጣም» አለኝ። ይህን መልስ ያዙልኝ፤ በኋላ ከአንድ ትልቅ ፈረንጅ መጽሐፍ ጋር እናገናኘዋለን።

ቤቱንም እዩ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጠልፎ፣ በእንሰትና በቀርከሃ ልባስ ተሸፍኖ የሚሠራ፣ አዲስ ሲሆን እስከ አሥራ ሁለት ሜትር የሚቆም ነው። መልኩ የዝሆን ራስ ነው፤ ከፊት ለፊት ወጣ ያለችው የመግቢያ ጎጆ እንደ ኩምቢ፣ ጭስ የሚወጣባቸው ሁለቱ ቀዳዳዎች እንደ ዓይን። በአካባቢው ቀድሞ ዝሆን ነበረ ይባላል። ዝሆኑ ከሄደ ቆየ፤ ቤቱ ግን እስከ ዛሬ ዝሆኑን ያስታውሳል። ሥሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱም ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል፤ ስድሳ ሰማንያ ዓመት የቆየ ቤት እንደ ሽማግሌ ጎብጦ ታዩታላችሁ። ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞት ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። የቆርቆሮ ቤት እኮ ይህን አያውቅም። እርግጥ ነው፣ እኔም ራሴ የምኖረው በቆርቆሮ ቤት ነው።

ዘፈኑ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሌላው ደጋ አገር ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል። የዶርዜ ሰዎች ለመስቀል ሲዘፍኑ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይዞ፣ አንዱ ከሌላው ሥር እየገባና እየወጣ ይሄዳል። ያለ አንዳች መሣሪያ ነው። ከመካከላቸው አንድ ሰው ቢጎድል ቀዳዳው ይሰማል። ቤርናር ሎርታ ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ አጥኚ ይህንን ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1977 በፓሪስ በሸክላ አሳትሞታል። በጉም ውስጥ ከጋራ ጋራ የሚጠራሩ ሰዎች ካልሆኑ በቀር እንደዚህ ያለ ዘፈን ማን ያወጣል? ይህም የእኔ ግምት ነው።

እስካሁን የተናገርሁት የራሳችን ሰዎች ስለሠሩት ነው። አሁን ደግሞ የውጭ ሰዎች የእኛን ተረት ወስደው ምን እንዳደረጉበት ልንገራችሁ፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነውና።

ደጋ ያደጋችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ፤ ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይባላል። አያቴ ይህን የምትነግረን እሳት ዳር ሆና ነበር። ዳን ስፐርበር የተባለ የፈረንሳይ ምሁር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዶርዜ መጥቶ ሲቀመጥ ይህንኑ ሰማ። ሰምቶም እንደ ሌላው ፈረንጅ ስቆ አልተወውም፤ አንድ ነገር አስተዋለ። ነብር ይጾማል የሚለው ያው የዶርዜ ሰው ረቡዕና ዓርብ ፍየሉን ከመጠበቅ አይቦዝንም! እንደ ሌላው ቀን አጥብቆ ይጠብቃል። ታዲያ ይህ ሰው ያመነው የትኛውን ነው? ስፐርበር ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1974 በፈረንሳይኛ አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ በዓመቱም በእንግሊዝኛ ወጣ፤ እስከ ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሳል። በዩኒቨርሲቲያችን የሚያስተምር የወንድሜ ልጅ ሁለት ምሽት ቁጭ ብሎ በአማርኛ አስረዳኝ። እኔ እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰውየው ሁለቱንም እውነት ይላል፤ ነብር ይጾማል፣ ነብር ሁልጊዜም አደገኛ ነው። ተረት እንደ መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ፍቺ የሚሰጥ አይደለም፤ ሐሳብን የሚያስነሣና የሚያስኬድ ነው እንጂ። ወንድሞቼ፣ ያ ሸማኔ ዘመዴ ስለ ቀዩ ክር የነገረኝ ይህንን አይደለምን?

ይኸው ምሁር ሌላም ታሪክ አለው። በነሐሴ 1961 ዓ.ም. አንድ የዶርዜ ሽማግሌ በደስታ እየተንቀጠቀጡ መጥተው፣ ልቡ ወርቅ የሆነ፣ ማጅራቱ ላይ አንድ ቀንድ ያለው ዘንዶ ከዚህ ቢበዛ የሁለት ቀን መንገድ ላይ አለና ግደልልኝ አሉት። እሱ ደግሞ እኚህ የሚወዳቸው አስተዋይ ሰው እንዴት ይህን ያምናሉ ብሎ ተጨነቀ። ጭንቀቱን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ አወጣው፤ በዚያም ላይ የዓለም ፈላስፎች ሲከራከሩበት ኖረዋል። ሽማግሌው ግን ክርክሩን ሳይሰሙት የቀሩ ይመስለኛል። እኔ ስለ ዘንዶው የወርቅ ልብ ስሰማ ያሳሰበኝ ፍልስፍናው አይደለም። እኚያ አባት የቀረውን ተረት ለማን ነገሩ? የልጅ ልጆቻቸው ያውቁታል?

ጁዲት ኦልምስቴድ የምትባል አሜሪካዊትም በዲታ ሕዝብ ስላስተዳደሩ አንዲት ሴት ሙሉ መጽሐፍ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ1997 አሳትማለች። ስለ ኦቾሎም ስለ ሌላውም የተጻፈ አለ። እኔ ቂም የለኝም፤ እነዚህ ሰዎች እየመጡ ብርዱን ችለው፣ ቋንቋውን ተምረው የሠሩት ነው፤ ይመስገኑ።

ነገር ግን ከሁሉ የገረመኝ የወፏ ነው። በ1982 ዓ.ም. መጨረሻና በ1983 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ፣ በፈረንጅ 1990 መሆኑ ነው፣ የእንግሊዝ አጥኚዎች ነጭ ሣር ፓርክ ገብተው ነበር። ከመንገዱ ላይ መኪና የጨፈለቃት አንዲት ወፍ ያገኛሉ። ቀን መሬት ላይ ተኝታ የምትውል፣ ማታ የምትበር ዓይነት ናት፤ የሌሊት ወፍ የምንላት ግን አይደለችም። ሌላው አካሏ ስለተበላሸ አንድ ክንፏን ይዘው ሄዱ። ክንፉ ሲመረመር ከታወቁት ወፎች ከማንኛቸውም ጋር አልገጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ በሳይንስ ተመዘገበች፤ የተሰጣት የላቲን ስምም «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ ሙሉ ወፍ ሳይያዝ በአንድ ክንፍ ብቻ! ከዚያ ቨርኖን ሄድ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ሰው፣ ሙያው የሕንፃ ንድፍ ሆኖ ወፍ ማየት የሚወድ፣ ከጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 በሌሊት ነጭ ሣር ላይ ባትሪ እያበራ ሲፈልጋት አደረ፤ ስለዚያ ፍለጋም እ.ኤ.አ. በ2014 መጽሐፍ አሳተመ። የኛ ሜዳ፣ የኛ ጨለማ፣ የኛ ሣር ነው በመጽሐፉ ውስጥ ያለው።

እንግዲህ እነሱ ከአንድ ክንፍ መጽሐፍ አወጡ። እኛ ሙሉ ሰው በየወሩ እንቀብራለን።

ይህን ስል ተረትና ወግ ለመጽሐፍና ለቱሪስት ብቻ ይጠቅማል ማለቴ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በወገኖቻችን ላይ ግድያና መፈናቀል በደረሰ ጊዜ፣ በዚህች ከተማ ወጣቱ ምን ያህል እንደተቆጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሊበቀል ወጣ። ያቆመው ማን ነው? ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ ጎሜ ደግሞ በራስም በዘርም ላይ መከራ ይጠራል። ወጣቱ ቆመ፣ አለቀሰ፣ ተመለሰ። የሰውም ሕይወት የሰውም ንብረት ተረፈ። ፎቶግራፉን አገር ሁሉ አየው። ያ ሣር በዱቡሻ ላይ አባቶች ሲመርቁበትና ሲያስታርቁበት የኖረ ሣር ነው፤ የሣሩን ነገር ለልጆቹ የነገራቸው ሰው ባይኖር ኖሮ ግን ያን ዕለት ሣር ብቻ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ዕድራችን ጉዳይ መጣሁ። ካለፈው ዓመት ሟቾቻችን መካከል አንዲት እናት ነበሩ፤ ስማቸውን ቤተሰባቸውን ሳላስፈቅድ አልጠራም፤ ሁላችሁም ግን አውቃችኋቸዋል። በለቅሶ ቤት ሙሾ የሚያወጡልን እሳቸው ነበሩ። አማርኛውንም ያውቁበታል፤ በጋሞኛ ሲያወጡ ግን ሌላ ነበሩ። የሞተው ሰው ከየትኛው ደሬ እንደመጣ ይጠይቁና የዚያን አገር ጋራ፣ የዚያን አገር ወንዝ፣ የዚያን አገር ገበያ እየጠሩ ሰውየውን ወደ አገሩ ይመልሱት ነበር። ከቦንኬ የመጣው ወደ ቦንኬ፣ ከካምባ የመጣው ወደ ካምባ። እኔ ጎጃሜ ጎረቤቴ በሞተ ጊዜ እንኳ ልጁን ጠርተው «የአባትህ አገር ወንዝ ማን ይባላል?» ብለው ጠይቀው ያንኑ ወንዝ አስገብተው አለቀሱለት፤ ልጁ እስከ ዛሬ ያነሣዋል። የእሳቸው ቀን ሲደርስ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው መጣ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ሰዉ ሞላ። ሙሾ የሚያወጣ ግን ጠፋ። አንዲት ልጅ ሞከረችና ሁለት ቃል ላይ ቀረች። ሴቶቹ ዝም ብለው አነቡ፤ ከተቀመጥንበት የሰማነው የአፍንጫ ድምፅ ብቻ ነበር። እሳቸውን ወደ አገራቸው ጋራ የመለሳቸው የለም።

መዝገባችንን እኔ ብዙ ዓመት ስለያዝሁት አውቀዋለሁ። ተራ ቁጥር አለው፤ የሟች ሙሉ ስም፣ የሞተበት ቀን፣ ለቤተሰብ የተከፈለ ገንዘብ፣ የተረካቢ ፊርማ አለው። ለእኚያ እናት የተጻፈውም ይኸው ነው፤ ከገንዘቡ አንድ ብር አልተሳሳተም። ምን ያውቁ እንደነበር የሚጻፍበት ዓምድ ግን የለውም።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አንድ ሌላ ደብተር እንክፈት የሚል ነው። የሙታን ሳይሆን የሕያዋን ደብተር። በየሠፈሩ ዕድሜያቸው የገፋ አባላት ጋ እየሄድን፣ ተረትም ቢሆን፣ ሙሾም ቢሆን፣ የጥለት ስምም ቢሆን፣ ያችን ጋራ ለምን እንዲህ አሏት የሚለውም ቢሆን፣ ሲናገሩ እንጻፍ። በጋሞኛ የሚነግሩንን በጋሞኛ እንጻፈው፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ጋሞኛ መጻፍ ይማራሉና እነሱን እናሳትፍ። በአማርኛ፣ በወላይትኛ፣ በዘይሴኛ የሚናገር አባልም አለን፤ የእሱም እንደ ቃሉ ይጻፍ። ስልክ ያላቸው ወጣቶች ድምፁን ይቅረጹ፤ ለዘፈን የሚበቃ ስልክ ለአያት ድምፅ አያንስም። ከዚያ ውስጥ ጥሩው እየተመረጠ በዚሁ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ሁለት ሁለት ገጽ ይውጣ። አንድ ቀን ከልጆቻችን መካከል ደራሲ፣ ሠዓሊ ወይም ዘፋኝ ቢነሣ፣ ከየት ይነሣ? አባያን ራሱ ማየት ይችላል፤ አያቱ ስለ አባያ ያለችውን ግን ካልተጻፈ ከየት ያገኘዋል?

በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ይህን ሳነሣ አንድ ወንድማችን «ዕድር የሚቀብር ነው እንጂ የሚጽፍ አይደለም፤ ገንዘቡም ለዚህ አልተዋጣም» ብለዋል። አነጋገራቸው ልክ ነው፤ የሚያስቡት ለአባላት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከዕድሩ ሣጥን አንድ ሳንቲም አልጠይቅም። ደብተሩን ገዝቼዋለሁ፤ ባለ ሁለት መቶ ገጽ ነው። ጉባኤው የሚፈቅድልኝ የዕድሩን ማኅተም በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲመታበት ብቻ ነው፤ የማንም የግል ንብረት እንዳይሆን፤ እኔም ስሞት ከቤቴ ዕቃ ጋር ተደባልቆ እንዳይጠፋ።

የሒሳብ ሪፖርቱ ተነብቦ ካለቀ በኋላ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። የምትነግሩኝ ያላችሁ ኑ፤ አጭርም ቢሆን፣ ግማሹን የረሳችሁትም ቢሆን ኑ። ቤት ሆነው መምጣት ያልቻሉ እናትና አባት ያሏችሁ ስማቸውንና ቤታቸውን አስመዝግቡኝ፤ ከነገ ወዲያ ጀምሮ ከሴቻ በኩል እጀምራለሁ። የግራ ጆሮዬ ስለደከመ፣ ስትመጡ በቀኝ በኩል ተቀመጡልኝ።